የከርሰ ምድር ውኃ ተፋሰሳችን ለሁለት እንዲከፈል የድጋፍ ደብዳቤ ተጠየቅን፤ ከመፈረማችን በፊት ምን እንጠይቅ?

የሸለቆው ነዋሪ (ጠያቂ)

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣

የምኖረው በካሊፎርኒያ፣ በሳን ዋኪን ሸለቆ ደቡባዊ ክፍል ነው። በመንደራችን ለስልሳ ያህል ቤቶች ውኃ የሚያደርስ፣ ባለቤቶቹም ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው የሆኑ አነስተኛ የጋራ የውኃ ኩባንያ አለ፤ እኔም ከአምስቱ የቦርድ አባላት አንዱ ነኝ። ያሉን ሁለት ጉድጓዶች ናቸው። አሮጌው ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል። አዲሱን ያስቆፈርነው ከ2012 እስከ 2016 በዘለቀው ድርቅ ጊዜ አሮጌው አሸዋ መትፋት ሲጀምር፣ ተበድረን ነው፤ ዕዳውንም እስከ ዛሬ ከየቤቱ በየወሩ ከምንሰበስበው ሂሳብ ላይ እየከፈልን ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባለፈው ወር ከአንድ ጎረቤት የመስኖ ዲስትሪክት ፖስታ ደረሰን። በውስጡ ሁለት ገጽ ደብዳቤ፣ አንድ ካርታ፣ እንዲሁም የኩባንያችን ስምና ቀኑ ብቻ ክፍት የተተወበት፣ አስቀድሞ የተዘጋጀ የድጋፍ ውሳኔ ነበረ። ደብዳቤው እንደሚለው፣ ዲስትሪክቱ አሁን ያለንበት የከርሰ ምድር ውኃ ንዑስ ተፋሰስ ለሁለት ተከፍሎ አዲስ ድንበር እንዲሰመርለት፣ የማመልከቻ ጊዜ ሲከፈት ለስቴቱ የውኃ ሀብት መምሪያ ጥያቄ ለማቅረብ እየተዘጋጀ ነው። ካውንቲው፣ ሁለት ከተሞችና ሌሎች የውኃ ድርጅቶች ለመደገፍ ፈቃደኛ መሆናቸውን ይገልጽና እኛም በሦስት ሳምንት ውስጥ ፈርመን እንድንመልስ ይጠይቃል።

ካርታውን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ በቀይ የተሰመረውን አዲስ ድንበር በጣቴ ተከተልኩት። መስመሩ ከሰሜን ይመጣና መንደራችንን አቋርጦ የሚያልፈውን የአስፋልት መንገድ ይዞ ቁልቁል ይወርዳል። አሮጌው ጉድጓዳችን ከመንገዱ በስተምዕራብ፣ አዲሱ ደግሞ በስተምሥራቅ ስለሆነ፣ ሁለቱ ጉድጓዶቻችን በሁለት የተለያዩ ተፋሰሶች ውስጥ ሊገቡ ነው። ደብዳቤው ለመስመሩ የሚሰጠው ምክንያት ግን «የከርሰ ምድር አፈጣጠር ልዩነት» የሚል ነው፤ ከዚህ በላይ ማብራሪያ የለውም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። እንዲህ ያለ ድንበር በእርግጥ በምን መሠረት ይሰመራል? የእኛን የመሰለ አነስተኛ ድርጅት ድጋፍስ ለስቴቱ ክብደት አለው ወይስ ለመልክ ብቻ ነው? ከመፈረማችን በፊት ምን ብንጠይቅ ይሻላል? ከጎረቤቶቻችን ጋር መጣላት አንፈልግም፤ ነገር ግን ያልገባንን ነገር ፈርመን ልጆቻችን እንዲከፍሉበትም አንፈልግም።

የድንጋይ መርማሪ

ወንድሜ፣ ካርታውን በጣትዎ መከተልዎ መልካም አደረጉ። ከሃያ ዓመት በላይ በዚህ ግዛት በሃይድሮጂኦሎጂ ሙያ ስሠራ፣ ደብዳቤውን አንብበው ካርታውን ሳይገልጡ የሚፈርሙ ቦርዶች ብዙ አጋጥመውኛል። የጥያቄዎ ቁልፍም ያለው እርስዎ ባስተዋሉት ነገር ላይ ነው፤ የከርሰ ምድር ስንጥቅ የአስፋልት መንገድ ተከትሎ አይሄድም።

ከመነሻው ልጀምር። ካሊፎርኒያ የከርሰ ምድር ውኃን በስቴት ደረጃ የሚያስተዳድር ሕግ ሳይኖራት ለረጅም ጊዜ ቆይታለች። በሸለቋችን ያለ ልክ ከመቅዳት የተነሣ በሜንዶታ አካባቢ ያለው መሬት ከ1925 እስከ 1977 ባለው ጊዜ ውስጥ ዘጠኝ ሜትር ያህል መስመጡ የተመዘገበ ነው። በሥራ ላይ «ሲግማ» ብለን የምንጠራው የከርሰ ምድር ውኃ ዘላቂ አስተዳደር ሕግ የተፈረመው በሴፕቴምበር 2014 በድርቁ መካከል ሲሆን፣ ከ2015 መግቢያ ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ሕጉ ኃላፊነቱን የሰጠው በየአካባቢው ለሚቋቋሙ የከርሰ ምድር ውኃ ዘላቂነት ኤጀንሲዎች ነው፤ የኃላፊነታቸው ወሰን ደግሞ የሚለካው በተፋሰሱ ድንበር ነው። ቀድሞ በካርታ ላይ ብቻ የነበረ መስመር ማን ዕቅድ እንደሚያወጣ፣ ማን ቅዳቱን እንደሚቀንስና ማን እንደሚከፍል የሚወስን መስመር ሆነ። ድንበር የማስተካከል ጥያቄ የበዛውም ከዚያ በኋላ ነው፤ መምሪያው በ2016 እና በ2018 ሁለት ጊዜ የማመልከቻ በር ከፍቶ ብዙ ጥያቄዎችን መርምሯል።

ደንቡ ጥያቄዎቹን በሁለት ይከፍላል። አንዱ ሳይንሳዊ ማስተካከያ ነው፤ አመልካቹ ከመሬት በታች ውኃ እንዳይተላለፍ የሚያግድ ነገር መኖሩን፣ ወይም ውኃ አዘሉ ንብርብር የሚያልቅበት ቦታ በካርታው ላይ ካለው የተለየ መሆኑን በጥናት ማስረዳት አለበት። ሌላው አስተዳደራዊ ማስተካከያ ነው፤ ከመሬት በታች ያለው ውኃ አንድ ቢሆንም እንኳ፣ አስተዳደሩን ለማቃናት ተፋሰሶች እንዲዋሐዱ ወይም እንዲከፈሉ ይጠየቅበታል።

ለመጀመሪያው ጥሩ ምሳሌ ከእርስዎ ብዙም የማይርቀው ኋይት ዎልፍ ነው። ከቤከርስፊልድ በስተደቡብ ያለው ይህ ንዑስ ተፋሰስ እስከ 2016 ድረስ የከርን ካውንቲ ንዑስ ተፋሰስ አካል ነበር። የተለየው በኋይት ዎልፍ ስንጥቅ ምክንያት ነው፤ በጁላይ 21 ቀን 1952 አካባቢውን ያናወጠው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ የተነሣው ከዚሁ ስንጥቅ ነው። እንዲህ ያለ ስንጥቅ ሲንቀሳቀስ የፈጨው ድንጋይ እንደ ጭቃ ግድግዳ ሆኖ የውኃውን መተላለፍ ይገታል። መለየቱም ውጤት ነበረው፤ ከርን ያለ ልክ ከተቀዱት ተፋሰሶች ተርታ ስለነበር ዕቅዱን እስከ ጃንዋሪ 2020 መጨረሻ ማቅረብ ሲኖርበት፣ ኋይት ዎልፍ ግን እስከ 2022 ጊዜ አገኘ።

ስንጥቅ ግድግዳ መሆኑን የምናውቀው በልኬት ነው። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት በአንድ ስንጥቅ ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት ጉድጓዶችን የለካሁበትን ቀን አልረሳውም። የብረቱን ሜትር ጫፍ ሰማያዊ ጠመኔ እቀባና ወደ ጉድጓዱ እለቀዋለሁ፤ ሲወጣ ጠመኔው የረጠበበት ቦታ ጠቆር ብሎ ስለሚታይ፣ ከአፉ እስከ ውኃው ያለውን ጥልቀት ከዚያ ላይ አነባለሁ። ሁለቱ ጉድጓዶች በእግር አሥር ደቂቃ እንኳ አይራራቁም፤ የውኃቸው ጥልቀት ግን እጅግ የተለያየ ስለነበር፣ የተሳሳትኩ መስሎኝ ሜትሩን ጠርጌ፣ ጠመኔውን እንደገና ቀብቼ ሦስት ጊዜ ለካሁ። ማስረጃ ማለት ይህን የመሰለ ነገር ነው፤ በዚያ ላይ የብዙ ዓመታት የውኃ ከፍታ መዝገብ፣ አንዱ ጉድጓድ ሲቀዳ ሌላው መውረድ አለመውረዱን የሚያሳይ ሙከራ፣ የውኃው ኬሚስትሪና የቁፋሮ ሪፖርቶች ይታከሉበታል። የቁፋሮ ሪፖርቶች ከ2015 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ስለሆኑ እርስዎም ሊያዩአቸው ይችላሉ።

አስተዳደራዊ መስመር በራሱ ስሕተት ነው ማለቴ አይደለም። ስቴቱ በ1980 ባወጣው የተፋሰሶች ዝርዝር ላይ ራሱ፣ የመሬቱን አፈጣጠር መሠረት አድርጎ በተቻለ መጠን የአስተዳደር ወሰኖችንም እንዲያገናዝብ ታዝዞ ነበር። በሸለቋችን ተርሎክና መርሴድ የተባሉትን ንዑስ ተፋሰሶች የሚለየው የመርሴድ ወንዝ ከበታቹ ያለውን ውኃ አይለይም። ነገር ግን መስመሩ አስተዳደራዊ ከሆነ አስተዳደራዊ ነው ተብሎ መቅረብ አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ማመልከቻው በየትኛው መሠረት ይቀርባል? ሳይንሳዊ ከሆነስ ጥናቱ የት አለ?» የሚለውን ነው።

የቀድሞ የካውንቲ ሠራተኛ

ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው። እኔ ለአንድ ካውንቲ የውኃ ክፍል ለብዙ ዓመታት ስለሠራሁ፣ ስለ ድጋፉ ክብደት ልጨምር።

አመልካቹ ድርጅት ጥያቄውን የሚጀምረው በራሱ ቦርድ ውሳኔ ነው፤ የሚነካቸውን የአካባቢ መሥሪያ ቤቶችና የውኃ አገልግሎቶች ማሳወቅ፣ የሰጡትንም ምላሽ ከማመልከቻው ጋር ማያያዝ ይኖርበታል። ተፋሰስን በአስተዳደራዊ ምክንያት ለመክፈል ሲጠየቅ ደግሞ፣ በሚመለከተው ተፋሰስ ውስጥ ካሉት የአካባቢ መሥሪያ ቤቶችና የሕዝብ ውኃ አገልግሎቶች ቢያንስ የሦስት አራተኛው ድጋፍ ያስፈልጋል። አሥራ አምስት የቤት መስመሮች ያሉት፣ ወይም በዓመት ቢያንስ ለስልሳ ቀናት ሃያ አምስት ሰዎችን የሚያገለግል ማንኛውም የመጠጥ ውኃ ድርጅት በካሊፎርኒያ ሕግ የሕዝብ ውኃ አገልግሎት ነው። እናንተ ስልሳ ቤት አላችሁ፤ ስለዚህ ትቆጠራላችሁ። ዲስትሪክቱ የተዘጋጀ ቅጽ የላከላችሁ ለትሕትና ብቻ አይደለም፤ ፊርማችሁ ስለሚያስፈልገው ጭምር ነው።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያየው ነገር ልግባ። በአንድ ተፋሰስ ውስጥ ብዙ ኤጀንሲዎች የየራሳቸውን ዕቅድ ሲያወጡ፣ ሕጉ የማስተባበሪያ ስምምነት እንዲፈራረሙና በአንድ ዓይነት መረጃና ዘዴ እንዲሠሩ ያስገድዳቸዋል። ምን ያህል ውኃ ይገባል፣ ምን ያህል ይቀዳል፣ ምን ያህል ይቀራል በሚለው ላይ አንዱ የሚለውን ሌላው ሊክድ አይችልም። ተፋሰሱ ከተከፈለ ግን ይህ ግዴታ ይቀራል፤ በሁለት ጎረቤት ተፋሰሶች መካከል የሚደረግ ስምምነት በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው። መምሪያው አንድን ዕቅድ ሲመረምር ጎረቤት ተፋሰስ የራሱን ዕቅድ እንዳይፈጽም ያውካል ወይ ብሎ ማየት ስላለበት መከለያው ጨርሶ አይጠፋም፤ ሆኖም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ አንድ የሂሳብ መዝገብ መያዝና፣ ዕቅዶቹ ስቴቱ ዘንድ ከደረሱ በኋላ አቤት ማለት በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የእናንተ ጉድጓዶች በመስመሩ ግራና ቀኝ ስለሚቀሩ፣ ለሁለት ኤጀንሲዎች ሪፖርት ልታደርጉ፣ ምናልባትም ለሁለት ልትከፍሉ ነው።

ወጪውም የራሱ ጥያቄ አለው። የመከታተያ ጉድጓዶች፣ የውኃ ሞዴል፣ ዓመታዊ ሪፖርትና የአምስት ዓመት ግምገማ ተፋሰሱ ቢያንስም ብዙ አይቀንሱም፤ የሚከፍለው ሰው ግን ያንሳል። ካውንቲው ለመደገፍ ፈቃደኛ መሆኑ የተነገራችሁም ቢሆን፣ ምን ዓይነት ድጋፍ እንደሆነ ጠይቁ። በሕጉ መሠረት ማንም ኤጀንሲ ያልያዘው መሬት ካለ፣ ካውንቲው ኃላፊነቱን እንደሚወስድ ይገመታል፤ አልፈልግም ካለ ጉዳዩ ወደ ስቴቱ ይሄዳል። ስለዚህ ካውንቲው የሚደግፈው ያለ ባለቤት የሚቀር መሬት እንደማይኖር ካረጋገጠ በኋላ መሆን ነበረበት። የሱፐርቫይዘሮች ቦርድ (ካውንቲውን የሚመራው የተመረጠ ምክር ቤት) በግልጽ ስብሰባ ያሳለፈው ውሳኔ አለ ወይስ አንድ የቢሮ ኃላፊ በስልክ «አንቃወምም» ብሎ ነው? ሁለቱን አንድ አድርገው የጻፉ ማመልከቻዎች በእጄ አልፈዋል፤ በዚህም ምክንያት ያለ ዕውቀታቸው ደጋፊ ተብለው የተጻፉ ትንንሽ ድርጅቶች ዘግይተው ሲያዝኑ አይቻለሁ።

ማስተካከያ ሁሉ ጎጂ ነው ብዬ እንዳላሳስትዎ፣ በደንብ የተሠሩትንም ልጥቀስ። የትሬሲ ንዑስ ተፋሰስ በ2019 በካውንቲዎች ወሰን ላይ ተከፍሎ የኮንትራ ኮስታው ክፍል ምሥራቅ ኮንትራ ኮስታ ተብሎ ራሱን ችሏል፤ ይህ ከመሬት በታች ግድግዳ አለ ብሎ ያልተነሣ፣ አስተዳደራዊ መሆኑን ያልደበቀ ክፍፍል ነው። ዮሎ ካውንቲ ደግሞ የተበጣጠሱ ክፍሎች ተዋሕደው በአንድ ኤጀንሲና በአንድ ዕቅድ እንዲተዳደር ሆኗል። እኔን ከሁሉ የሚያረካኝ ግን ሳንታ ክሩዝ ነው። በዚያ የሶከል ሸለቆና የአጎራባች ተፋሰሶች ክፍሎች በ2016 ተዋሕደው የሳንታ ክሩዝ መካከለኛ ካውንቲ ተፋሰስ ተፈጠረ፤ ከተማው፣ ካውንቲው፣ የሶከል ክሪክና የሴንትራል የውኃ ዲስትሪክቶች በጋራ ያቋቋሙት ኤጀንሲ ቦርድ አሥራ አንድ አባላት ሲኖሩት፣ ሦስቱ የግል ጉድጓድ ባለቤቶች ተወካዮች ናቸው። የባሕር ውኃ ወደ ጉድጓዶቹ እየገፋ በመሆኑ፣ በ2017 ትልቅ ቀለበት የመሰለ መሣሪያ ያንጠለጠለ ሄሊኮፕተር በባሕሩ ዳርቻ ላይ እየበረረ ጨዋማው ውኃ የት እንደደረሰ ለካ። ያ ሥራ ለሁሉም በአንድነት የተሠራው የሚጋሩት ውኃ አንድ መሆኑን አስቀድመው ስለተቀበሉ ነው።

የእርሻ ሥራ አስኪያጅ

በአክብሮት ለየት ያለ ሐሳብ ላቅርብ፤ ከመስመሩ ማዶ ያሉት ሰዎች ስግብግብ ተደርገው እንዳይታዩ እሰጋለሁ።

እኔ የማስተዳድረው የአልሞንድ እርሻ ያለበት አካባቢ ሕጉ ከመምጣቱ በፊት ጀምሮ የወንዝ ውኃ እየገዛ መሬት ውስጥ ያሰርግ ነበር፤ የማስረጊያ ኩሬዎቹን በክረምት ሲሞሉ ልጆቼን ወስጄ አሳያለሁ። በዚሁ ተፋሰስ ሌላኛው ጫፍ ግን ያለ ምንም የወንዝ ውኃ አዳዲስ እርሻ ተተክሏል። በማርች 2023 የስቴቱ የውኃ ሀብት መምሪያ ስድስት ተፋሰሶች ዕቅዳቸው በቂ አይደለም ብሎ ወደ ስቴቱ የውኃ ሀብት ቁጥጥር ቦርድ አስተላለፋቸው፤ በኤፕሪል 2024 የቱሌሪ ሌክ ንዑስ ተፋሰስ በሕጉ ታሪክ የመጀመሪያው ሆኖ በክትትል ሥር ዋለ። በክትትል ሥር መዋል ማለት ቅዳትን ለስቴቱ ማስመዝገብና ክፍያ መክፈል ነው፤ በወቅቱ የተቀመጠው ክፍያ ለእያንዳንዱ ጉድጓድ በዓመት 300 ዶላር፣ ለእያንዳንዱ ኤከር ፉት ደግሞ 20 ዶላር ነበር። አንድ ኤከር ፉት 1,233 ሜትር ኩብ ያህል ነው፤ አልሞንድ በዓመት በአንድ ኤከር ላይ ሦስትና አራት ኤከር ፉት ይፈልጋል። ለዓመታት በጥንቃቄ የሠራ ሰው የጎረቤቱን ጥፋት ተሸክሞ ወደዚያ ሲገባ፣ «ድንበራችንን ለዩልን» ቢል አይፈረድበትም። በእኔ አስተያየት ለራሱ ኃላፊነት የሚወስድ ትንሽ ተፋሰስ፣ ሁሉም ሌላውን ከሚጠብቅበት ትልቅ ተፋሰስ ይሻላል።

የድንጋይ መርማሪ

ለሥራ አስኪያጁ፣ ያሉት ሐዘን እውነት ነው፤ ሕጉም ይህን በመጠኑ አስቦበታል። የስቴቱ ቦርድ አንድን ተፋሰስ በክትትል ሥር ሲያውል፣ የዘላቂነት ግቡን እያከበረ መሆኑን ያሳየ ኤጀንሲ ያለበትን ክፍል ከክትትሉ ውጭ እንዲያደርግ ሕጉ ያዛል። ስለዚህ በጎ ለሠራ ሰው ያለው መውጫ ድንበር መክፈል ብቻ አይደለም። ደግሞም እርስዎ በኩሬው ያሰረጉት ውኃ በተፋሰሱ ዝቅተኛ ጫፍ ወዳለው ፓምፕ የሚሄድ ከሆነ፣ አዲስ መስመር አያስቆመውም፤ መስመሩ ከተሰመረ በኋላ ግን ወደ ማዶ ስንት እንደሄደ በጋራ መዝገብ ላይ የማስቆጠር መብትዎ ይደክማል። እንዲያውም ከክፍፍሉ አብዝተው የሚጎዱት እንደ እርስዎ ያሉት እንዳይሆኑ እፈራለሁ።

አዋሽ ዳር

ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው፤ በሙያዬ የውኃ መሐንዲስ ነኝ። ስለ ቃሉ አንድ ነገር ብቻ ላክል። «ተፋሰስ» ስንል ብዙዎቻችን የምናስበው የዝናብ ውኃ በተራራው ጫፍ ተከፍሎ ወደ ሁለት ወንዞች የሚወርድበትን ነው፤ የአገራችን አሥራ ሁለቱ ተፋሰሶችም የተከፋፈሉት በዚሁ መንገድ ነው። ከመሬት በታች ያለው ውኃ ግን የተራራውን ጫፍ ሁልጊዜ አያከብርም። በላይኛው አዋሽ የተደረጉ የውኃ ኬሚስትሪና የአይሶቶፕ ጥናቶች ከአባይ ተፋሰስ ከፍታዎች ወደ አዋሽ በከርሰ ምድር የሚሻገር ውኃ መኖሩን ያመለክታሉ፤ አዲስ አበባም በአቃቂ የጉድጓድ መስክ የምትቀዳው ከዚሁ ከላይኛው አዋሽ ነው። ስለዚህ ጠያቂያችን ለጎረቤቶቻቸው ሲያስረዱ፣ በካርታ ላይ የሚሰመረው ውኃው የሚያልፍበት ሳይሆን ሰው የሚጠየቅበት ወሰን ነው ብለው ቢነግሯቸው የሚገባቸው ይመስለኛል።

የሸለቆው ነዋሪ (ጠያቂ)

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ለዲስትሪክቱ በጽሑፍ ጠየቅናቸው። ሥራ አስኪያጃቸው በጨዋነት ተቀብሎ አነጋገረን፤ ማመልከቻው አስተዳደራዊ ክፍፍል እንደሚሆን፣ «የከርሰ ምድር አፈጣጠር ልዩነት» የሚለውም አማካሪው ከጻፈው አጠቃላይ መግለጫ የተወሰደ መሆኑን አስረዳን። መንገዱ የተመረጠው የአገልግሎት ወሰናቸው እዚያ ስለሚያልቅ ነው። ካውንቲውን ስንጠይቅ ደግሞ ጉዳዩ ገና ወደ ሱፐርቫይዘሮች ቦርድ እንዳልቀረበ ነገሩን።

ከዚያም የድንጋይ መርማሪው የነገሩንን በራሳችን ጉድጓዶች ሞከርነው። ቅዳሜ ሌሊት ሁለቱንም ፓምፖች አጥፍተን፣ እሑድ ማለዳ ከጎረቤቴ ጋር ሆነን ሁለቱንም በጠመኔና በብረት ሜትር ለካን፤ የጉድጓዶቹ አፍ ከፍታ ከተስተካከለ በኋላ በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት ከአንድ ክንድ አይሞላም። ቀጥሎ አዲሱን ብቻ አስነሥተን አሮጌውን በየግማሽ ሰዓቱ ለካን። እስከ ቀትር ድረስ በእያንዳንዱ ልኬት ላይ የረጠበው ምልክት እየወረደ ሄደ። ጎረቤቴ ቁጥሮቹን በልጁ የትምህርት ቤት ደብተር ላይ ሲጽፍ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ብድሩን ስንወስድ ዋስ ከሆኑት አንዱ እርሱ ነውና። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ውኃ አንድ መሆኑን እኛ በዓይናችን አየን።

ሁሉም አባላት በተጠሩበት ስብሰባ ተነጋግረን፣ የተላከውን ቅጽ ላለመፈረም ወሰንን። ዲስትሪክቱን ለመቃወምም አልፈለግንም። በምትኩ የራሳችንን ደብዳቤ እያዘጋጀን ነው፤ ከክፍፍሉ በፊት ሁለቱ ወገኖች የጋራ የውኃ ሂሳብ የሚይዙበት በፊርማ የጸና የጎረቤት ተፋሰሶች ስምምነት እንዲኖር፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ የመከታተያ ጉድጓዶች እንዲሰየሙ (የእኛን ሁለቱን ለዚህ እንሰጣለን)፣ አንድ የውኃ ድርጅት ለሁለት ኤጀንሲዎች እንዳይከፍል፣ ወይም መስመሩ ከመንደራችን ውጭ እንዲዞር እንጠይቃለን። እነዚህ ከተሟሉ እንደግፋለን። ደብዳቤው ላይ የቀረ ነገር ካለ ንገሩን።

የቀድሞ የካውንቲ ሠራተኛ

ደብዳቤው ደህና ነው፤ ሁለት ነገር ብቻ ያስተካክሉ። «ከተሟሉ እንደግፋለን» የሚለው ተቆርጦ እንደ ድጋፍ እንዳይቀርብ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ «ይህ ደብዳቤ እነዚህ ነጥቦች በጽሑፍ እስኪፈጸሙ ድረስ የድጋፍ ደብዳቤ አይደለም» ብላችሁ ጻፉ። የሦስት አራተኛው ስሌት የሚሠራው ከጠቅላላው ቁጥር ላይ ስለሆነ፣ እስከዚያው ድረስ አለመፈረማችሁ ራሱ ትርጉም አለው።

ሁለተኛም፣ ግልባጩን ለካውንቲው ሱፐርቫይዘሮች ቦርድ ጸሐፊ ላኩ፤ ጉዳዩ በቦርዱ አጀንዳ ላይ ሲያዝ ከሰነዶቹ ጋር እንዲያያዝ በስም ጠይቁ። ማመልከቻው ተሟልቶ መምሪያው ድረ ገጽ ላይ ሲወጣ ማንም ሰው የድጋፍ ወይም የተቃውሞ መረጃ የሚያስገባበት የ30 ቀን ጊዜ ይኖራል። ያን ጊዜ ከደብዳቤው ጋር የእሑዱን ልኬት ያያይዙት። ደብተሩን ራሱን ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥታችሁ፣ የለካችሁበትን ሰዓት፣ የፓምፑን ሁኔታና የእያንዳንዱን ጉድጓድ አፍ ከፍታ ጽፋችሁ ላኩት። በክረምት፣ መስኖ በማይኖርበት ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ድገሙት፤ ሁለት ወቅት ያለው መዝገብ ከአንድ ቀን ልኬት የበለጠ ይታመናል።